ልብ የወለደውና ዓይን ያየው
በአማርኛ ልብ ወለድና በግለ ታሪክ መካከል ስላለው ድንበር

በእጄ ካሉት መጻሕፍት አንዱ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። የገዛሁት ከመጽሐፍ አከራይ ሲሆን፣ የፊተኛው ሽፋን ወልቆ በካኪ ወረቀት ተለብጧል፤ ጀርባው በወስፌ ተበስቶ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ የገጾቹም ማዕዘን ከብዙ ጣት ንክኪ የተነሣ ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። በየኅዳጉ ግን ከጽሑፉ ሌላ ጽሑፍ አለ። አንድ ባለሥልጣን ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ብቅ በሚልበት ስፍራ አንድ አንባቢ በእርሳስ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ የአንድ እውነተኛ ሰው ስም አስፍሯል፤ ከእርሱ በታች ሌላ እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አይደለም» ይልና ሌላ ስም ይተካል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ በየተራ ከመከራየት በቀር የሚያገናኛቸው ነገር እንደ ነበረ አላውቅም፤ ነገር ግን በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ ንባቡን ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ምሥጢር ከምሥጢር ላይ እንደሚደርብ፣ እነርሱም በዚያ ጠባብ ኅዳግ ላይ የራሳቸውን አንድምታ ሲያካሂዱ ይታዩኛል።

ስለ ሥነ ጽሑፋችን የሚጽፉ ሰዎች ብዙኃኑ ተሻምቶ የሚያነበውን የፍቅር፣ የስለላና የወንጀል ልብ ወለድ ለጊዜ ማሳለፊያ የተጻፈ ነው ብለው ወደ አንድ ወገን ማድረግ፣ ግለ ታሪክን ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ የምንጭነት አገልግሎት ብቻ አስረክቦ ማለፍ ልማድ ሆኖባቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ አከፋፈል ከአንባቢያችን የንባብ ጠባይም ከደራሲዎቻችን የሕይወት ዕጣም ጋር የሚስማማ አይደለም። በአማርኛ፣ ሰው ስለ ራሱ በራሱ አንደበት መናገር እንደ ነውር ይቈጠርበት በነበረው ረዥም ዘመን፣ ትዝታውን በአደራ የተቀበለው ልብ ወለድ ነበር፤ የግለ ታሪክ መጻሕፍት በብዛት መታተም የጀመሩትም ልብ ወለዱ ይህን አደራ ለብዙ ዓመታት ከተሸከመ በኋላ ነው።

የነውሩ ሥር በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ገድል የተባለው ድርሰት የአንድ ሰው ሕይወት ከልደት እስከ ዕረፍት የሚተረክበት ነው፤ ይሁን እንጂ ጻድቁ የራሱን ገድል አይጽፍም፤ የሚጽፍለት ደቀ መዝሙሩ ወይም የገዳሙ ልጅ ነው። የወለተ ጴጥሮስን ገድል ገላውዴዎስ የተባለው መነኵሴ የጻፈው እርሷ ከዐረፈች ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነበር። ሰው ራሱን «እኔ» ብሎ የሚናገርበት ጊዜ ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ በነፍስ አባት ጆሮ ገብቶ እዚያው የሚቀር ምሥጢር እንጂ በብራና የሚጻፍ አይደለም። ከዚህ ሥርዐት ወጥቶ በግእዝ «እኔ» እያለ ሕይወቱን የሚተርክ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ሲገኝ እንኳ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አውሮፓ የላከው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ የፈጠረው ድርሰት ነው የሚል ክርክር በኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን በሁለት ወገን አሰልፎ አለ። ክርክሩን እዚህ ለመዳኘት አልነሣሁም፤ ነገር ግን ስለ ራሱ የሚናገር ሰው በጽሑፋችን ውስጥ በተገኘ ጊዜ መጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ «በእውነት ነበርን?» የሚል መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ሲያኖሩ፣ ለአዲሱ ድርሰት ዘውግ ስሙን አወጡለት። እኛ ኋላ «ታሪክ» የምትለውን ቃል ጥለን «ልብ ወለድ»ን ብቻ አስቀረን፤ በአፈወርቅ ዘንድ ግን ሁለቱ ቃላት ተጋብተው የቆሙ ነበሩ። ታሪክ በአማርኛ የሆነውንም የተተረከውንም በአንድ ስም ይጠራል። አንባቢው ይህን ጋብቻ አላፈረሰውም፤ የአከራይ መጽሐፍ ኅዳግም ይህንኑ ይመሰክራል።

የሀዲስ ዓለማየሁን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ነገሩን አጥርቶ ያየዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ «ትዝታ» የተባለው ስለ ጠላት ወረራ ዘመን የጻፉት ማስታወሻ ግን በ1985 ዓ.ም. ወጣ። ደራሲው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ በጠላት እጅ ወድቀው፣ ወደ ኢጣልያ ተግዘው ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸውና፣ ማንም ቢሆን የእርሳቸውን ማንነት የሚፈልገው በማስታወሻቸው ውስጥ ነው። እኔም መጀመሪያ የፈለግሁት እዚያ ነበር። በ«ትዝታ» ውስጥ ያገኘሁት ግን ስለ ዘመቻው፣ ስለ መሪዎቹና ስለ ጓዶቹ የሚመሰክር፣ ስለ ራሱ ሲሆን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ጨዋ ምስክር ነው። የገጠር ልጅ ሆኖ ከእናት ቤት ወጥቶ ለቅኔ ትምህርት መሰደድ ምን እንደሚመስል፣ የተማሪው ልብ በመምህር ግርማ ፊት እንዴት እንደሚርድ፣ በትምህርቱ የከበረ ነገር ግን በዘሩ የተናቀ ወጣት በባላባት አዳራሽ ገብቶ ሲቆም ዓይኑን የት እንደሚያሳርፈው፣ ይህ ሁሉ የተጻፈው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በበዛብህ ስም ነው። ዲማ ጊዮርጊስን ሀዲስ በካርታ አላወቁትም፤ የጎጃም የአብነት ተማሪ ሆነው ተመላልሰውበታል። በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር የሚታየው መሽኮርመም፣ ከብዙ ግለ ታሪክ ይልቅ እውነተኛ የሕይወት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ጉዱ ካሣም ደራሲው በራሳቸው አንደበት ቢናገሩት ትዕቢት ወይም ድፍረት ይሆንባቸው የነበረውን ሁሉ «እብድ ነው» በተባለ ሰው አፍ አኑረው ያናገሩበት ነው። ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ከየቤቱ ሬዲዮ ፊት ተሰብስቦ ያለቀሰው ሕዝብ፣ ያለቀሰው ለተፈጠረ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ልቡ ያውቅ ነበር።

«ኦሮማይ» ደግሞ ይህን አደራ ወደ አደገኛ ስፍራ አደረሰው። በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት አሳታሚው በኩራዝ የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር ወደ አሥመራ ሄዶ ያየውን በራሱ አንደበት የሚተርክበት ነው። ቅርጹን ብንመረምር ተወዳጅ ዘውጎችን ሁሉ አስተባብሮ እናገኘዋለን፤ በማሞ ውድነህ ትርጉሞች የስለላን ታሪክ የለመደ አንባቢ የሚሻው የሰላዮች መረብ አለ፤ በእጮኛውና በፊያሜታ መካከል የተከፈለ የፍቅር ልብ አለ፤ የግንባር ዘገባም አለ። ብዙ ሐያስያን የስለላውንና የፍቅሩን ክፍል በዓሉ አንባቢ ለመሳብ የጨመረው ቅመም አድርገው ይመለከቱታል። እኔ ግን ከዚህ እለያለሁ። ሰላይ በሞላበት ከተማ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ አለመታወቁ፣ ያን ጊዜ በአሥመራ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ሰው ከጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ከገዛ ወንድሙ ጋር የሚኖርበት እውነት ነበርና፣ የስለላ ልብ ወለድ የዚያ ዘመን ትክክለኛ የማስታወሻ ቅርጽ ሆነለት። ፍቅሩም እንዲሁ ነው፤ ጸጋዬ ፊያሜታን ሲያስብ በቀን የሚያሰራጨውን ቃል በሌሊት ማመን ያቅተዋል። ከጣልያንኛ ተውሶ በአሥመራ ሰው አፍ «አበቃ፣ አከተመ» ለማለት የሚነገረው የመጽሐፉ ስም፣ ለዘመቻውም ለፍቅሩም ለጋዜጠኛው እምነትም በአንድነት ይስማማል፤ ቅኔ የተማረ ሰው ኅብር የሚለው ይህን ነው። መጽሐፉ በቶሎ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ባለሥልጣኖቹም መጽሐፉን ያነበቡት የእኔ ቅጂ ተከራዮች ባነበቡበት መንገድ ነበር፤ ስም እየፈለጉ።

ራሱ ያልጻፈውን ልብ ወለድ የራሱ ማስታወሻ ያደረገ ደራሲም አለን። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ታዋቂ ልብ ወለድ ተረጐመ፤ ወረቀት አልነበረውምና የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ወረቀት እየፈታ፣ በዚያች የመዳፍ ስፋት በሌላት ብጣሽ ላይ ፊደሉን እያጠበበ ጻፈ፤ ብጣሾቹም ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤቱ ወጡ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው መጽሐፍ ስለ ማዕከላዊ አንድ ቃል አይናገርም፤ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ስለ አንዲት እልኸኛ ሴት ይናገራል። ነገር ግን ነገን ማየቱ ያልተረጋገጠለት እስረኛ ይህን ርእስ በአማርኛ ሲያሰፍረው፣ የአማርኛው ዐረፍተ ነገር የእንግሊዝኛው ያልነበረውን ክብደት ይሸከማል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ በየገጹ ሁለት ሰዎች አብረው ሲናገሩ ይሰማል። ትርጉምን ከደራሲነት አሳንሶ የሚያይ የሐያሲ ልማድ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያኖርበት መደርደሪያ የለውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከእነዚህ ጋር በጥበብ ረገድ እኩል ነው አልልም፤ ሤራው አንዳንድ ጊዜ ከተዓማኒነት ይርቃል፣ ገጸ ባሕርያቱም ለድርጊቱ ፍጥነት ሲባል ይሳሳሉ። ሆኖም በአሜሪካ የጠፈር ምርምር የሚሠራን ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከጣና ገዳማት ምሥጢር ጋር ያስተሳሰረው ይህ ልብ ወለድ ተደጋግሞ የታተመበት ምክንያት መመርመር አለበት። ልጁን ወደ ባሕር ማዶ ልኮ መመለሱን የሚጠብቅ ወላጅ በየሰፈሩ ባለበት አገር፣ የተሰደደው ዕውቀት ወደ ገዳሙ ደጃፍ ሲመለስ ማንበብ ትዝታው ወደ ፊት የተዘረጋ ሕዝብ ምኞት ነው።

ግለ ታሪኮቹ በብዛት የመጡት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። አንዳንዶቹ ቀድሞ ተጽፈው በሣጥን የቈዩ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ዐድዋን አይተው በሩስያ የተማሩት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ የታተመው እርሳቸው ከዐረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በዚህም ሳይታሰብ የገድሉን ሥርዐት ጠበቀ። በ2000ዎቹ ዓመታት የወጡት የደርግ መሪዎች ማስታወሻዎች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ ነገር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሳነባቸው የማገኘው ብዙውን ጊዜ ስብሰባ፣ ውሳኔና የኃላፊነት ክፍፍል ነው። ተከሳሽ በችሎት ፊት ቆሞ እንደሚናገረው ቃል ሁሉም ነገር ወደ መልስ የተዘጋጀ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሌሊት በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት ያልፍ እንደ ነበር፣ በሩ ሲንኳኳ እናት ምን እንደምታደርግ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ይልቅ ወደ ልብ ወለዶቹ ይሄዳል።

ከዚህ ወገን ተለይታ የምትታየኝ ሕይወት ተፈራ ናት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የጻፈችው፣ ኋላ በአማርኛ «ማማ በሰማይ» ተብሎ የታተመው ማስታወሻዋ የኢሕአፓን ታሪክ የሚተርከው በአንዲት ወጣት ልጅ ፍቅር በኩል ነው፤ የምትወደው ሰው ጌታቸው ማሩ ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ሆኖ ሳለ በገዛ ድርጅቱ እጅ ተገደለ። የፍቅር ልብ ወለድ ለዓመታት ያሠለጠነውን አተራረክ፣ ማለትም መጠበቅን፣ ቀጠሮ ቦታ ላይ መቅረትን፣ የተደበቀ ደብዳቤን ለእውነተኛው ኀዘኗ ስለ ተጠቀመችበት፣ የድርጅቱ ክርክር እንኳ በእርሷ ገጾች ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ልብ ወለድ ከግለ ታሪክ የተቀበለውን አደራ በዚህ መጽሐፍ መልሶ ያስረከበ ይመስለኛል።

ወደ ካኪው ቅጂ ልመለስ። ስሞቹን የሚከራከሩት ሁለቱ እጆች ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ አይገኙም፤ ምናልባት ታሪኩ ይዟቸው ሄዶ መጻፉን ረስተውታል። ወደ መጨረሻው ግን፣ ሠራዊቱ የናቅፋን ተራራ ለመውጣት በሚሞክርበት ምዕራፍ፣ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ እጅ አለ። ፊደሉ ጕልሕና ያልተስተካከለ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ ተጭኖ የተጻፈ ነው። የባለሥልጣን ስም አልጠራም፤ የራሱንም ስም አላኖረም፤ ቀንም የለውም። «እኔም ነበርሁ» ይላል፤ ከሥሩም አንድ ተራራ የሚመስል መስመር ስሎ፣ በመስመሩ ወገብ ላይ ትንሽ ነጥብ አኑሯል።