ጨለማን የሚያውቅ ካርታ

ሥራው፦ ስካይ አትላስ 2000.0፣ የመስክ ዕትም
አዘጋጅ፦ ዊል ቲሪዮን (ሁለተኛው ዕትም ከሮጀር ሲኖት ጋር)
አሳታሚዎች፦ ስካይ ፐብሊሺንግ እና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ
ዘመነ ኅትመት፦ እ.ኤ.አ. 1981፣ ሁለተኛ ዕትም እ.ኤ.አ. 1998

የሰማይ ካርታ ጠረጴዛ ላይ በቀን ሲዘረጋ ሁሉም ያምራል። እውነተኛው ፈተናው ግን ሌሊት ነው። ተመልካቹ በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው የቴሌስኮፑን ማጥበቂያ ብሎን ይዞ ካርታው ላይ ያየውን ቁጥር መቆሚያው ላይ ሲፈልግ፣ የካርታው ብርታትና ድካም ያኔ ይለያል። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ዊል ቲሪዮን ያዘጋጀውን ስካይ አትላስ 2000.0 በዚሁ ፈተና ልመዝነው እወዳለሁ።

ኢኳቶሪያል የሚባለው የቴሌስኮፕ መቆሚያ ቁጥር የተቀረጸባቸው ሁለት ቀለበቶች አሉት። አንዱ ራይት አሴንሽንን በሰዓትና በደቂቃ፣ ሌላው ዴክሊኔሽንን በዲግሪ ያሳያል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የእያንዳንዱ የሰማይ አካል አድራሻ ናቸው። አድራሻውን ከካርታው አንብቦ ቀለበቶቹን እዚያ ቁጥር ላይ ያደረሰ ሰው፣ በዓይኑ ጨርሶ የማያየውን ኔቡላ በመነጽሩ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ማንበቡ ነው። ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩልን ሮድ የተባሉት የሬቲና ሕዋሳት ብቃታቸውን የሚያገኙት ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ነው። በውስጣቸው ያለው ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃን ስለሚፈርስ፣ ደማቅ ነጭ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ቢበራ እንኳ ያ ሁሉ ቆይታ ይባክናል። ደቃቅ ቁጥር ደግሞ በሮድ አይነበብም። ለንባብ ኮን የተባሉት ሕዋሳት ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ ብርሃን ይሻሉ። ተመልካቾች ደብዘዝ ያለ ቀይ ባትሪ የሚይዙት ሮድ ለቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይነቃ ነው።

ቲሪዮን ይህን ችግር የተረዳ አዘጋጅ ነው። መላውን ሰማይ በ26 ካርታዎች ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ዕትም እስከ 8ኛ የድምቀት ደረጃ ያሉ 43,000 ያህል ከዋክብትን በእጁ ሥሏል። በሁለተኛው ዕትም ቁጥራቸው ወደ 81,000 አድጓል። ሥራው የወጣው በሦስት መልክ ነው፤ አንዱ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ከዋክብት ያሉት የጠረጴዛ ዕትም፣ ሁለተኛው ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ ከዋክብት ያሉት የመስክ ዕትም፣ ሦስተኛው በቀለም ያጌጠው ትልቁ ዕትም ነው።

ባለቀለሙ ሲያዩት ልብ ይማርካል። ጋላክሲዎች በቀይ፣ የከዋክብት ክምችቶች በቢጫ፣ ኔቡላዎች በአረንጓዴ፣ ፍኖተ ሐሊብ በሰማያዊ ተለይተዋል። በዚህም የስሎቫኪያው የስካልናቴ ፕሌሶ ኦብዘርቫቶሪ ሰው አንቶኒን ቤችቫርዥ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን ዝነኛ አትላስ ፈለግ ይከተላል። ነገር ግን ቀይ ቀለም በቀይ ብርሃን ሥር ከነጩ ወረቀት አይለይም። ተመልካቹ ዓይኑን ለማዳን ቀይ ባትሪ ሲያበራ፣ ሊፈልጋቸው የወጣላቸው ጋላክሲዎች ከካርታው ላይ ይደበዝዙበታል። ለመስክ ሥራ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ውበቱ አያካክሰውም።

የመስክ ዕትሙ ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል። ጥቁሩ ሉህ ባትሪው የሚሰጠውን አብዛኛውን ብርሃን ስለሚውጥ ወደ ዓይን የሚመለሰው ከከዋክብቱና ከፊደላቱ የሚወጣው ጥቂት ብርሃን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ካርታው ሰማዩን ይመስላል፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው። ተመልካቹ ቀና ጎንበስ ባለ ቁጥር በአእምሮው ቀለም መገልበጥ አይጠበቅበትም።

እንከኖቹን መሸፈን ግን አይገባም። ጥቁር ሉህ ላይ በተራ እርሳስ ማስታወሻ መጻፍ አይቻልም። ያልተጠረዙት ሰፋፊ ሉሆች ነፋስ ሲነሳ ያስቸግራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአድራሻ ቁጥሮቹ በሉሁ ጠርዝ ላይ መሆናቸው ነው። መሐል ሉህ ላይ ያለ ኔቡላን አድራሻ ለማወቅ ዓይን ወይም ማስመሪያ እስከ ጠርዝ መጓዝ አለበት፤ በቀይ ጭላንጭል ይህ ለስሕተት በር ይከፍታል። የእያንዳንዱን አካል ቁጥር የሚፈልግ ሰው ስካይ ካታሎግ 2000.0 ወደተባለው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ መሄድ አለበት። ለቀለበት ተጠቃሚ፣ ቢያንስ የታወቁት አካላት አድራሻ ከየሉሁ ጎን በጉልህ ፊደል መታተም ነበረበት።

ብልህ ተመልካች ይህን ድካም በዘዴ ይወጣዋል። ላይራ ውስጥ ያለውን የቀለበት ኔቡላ እንውሰድ። አጠገቡ ያለው ደማቁ ቬጋ አድራሻው 18 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ሰሜን 38.8 ዲግሪ ነው፤ ኔቡላው ደግሞ 18 ሰዓት ከ54 ደቂቃ፣ ሰሜን 33 ዲግሪ። ሁለቱን ቁጥሮች በቀን ጽፎ የያዘ ሰው ሌሊት ቬጋን መሐል ያደርጋል፣ ቀለበቱን በቬጋ ቁጥር ያስተካክላል፣ ከዚያ 17 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ፣ 5.8 ዲግሪ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በጨለማ የሚነበበው ቀለበቱ ብቻ ይሆናል።

አትላሱ አርጅቷል የሚሉ አሉ። የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር የከዋክብት አድራሻ በዓመት 50 የቅስት ሰከንድ ያህል ይሸሻል። የአትላሱ አድራሻዎች ከተሰሉበት ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ይህ ተደማምሮ የአንድ ዲግሪ ሲሶ ያህል ሆኗል። ነገር ግን ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ላይ አንድ ዲግሪ የሚይዘው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጨለማ ከዚያ አንሶ ማንበብ ስለሚያዳግት የካርታው ዕድሜ እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም።

ለኢትዮጵያ ተመልካች ሥራው ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሰማዩ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዓመቱ ውስጥ ይታያታል። የአውሮፓ ተመልካች አጣጥፎ የሚያስቀምጣቸው የደቡብ ካርታዎች እኛ ዘንድ ሥራ ላይ ይውላሉ። በአንጻሩ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ሊጋርደው ይችላል። መቆሚያው ወደ ዋልታው በትክክል ካልዞረ ደግሞ ቀለበቶቹ ይዋሻሉ፤ ስለዚህ ሰሜኑ የተገለጠ ሜዳ መምረጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በእኔ ሚዛን፣ ባለቀለሙ ዕትም ለቤት ጥናት፣ የመስክ ዕትሙ ለሌሊት ሥራ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው የመስኩን ይምረጥ። የሥነ ፈለክ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም አንድ ቅጂና አንድ ቀይ ባትሪ ቢያዘጋጁ፣ ተማሪዎቻቸው ሰማዩን በስክሪን ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃቸው ፈልገው ማግኘትን ይማራሉ።