መንጠቆን የሚሸሽግ ትል

ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ከተፈጠሩት ዘዴዎች ሁሉ ቴክሳስ ሪግ የሚባለውን አብልጬ አደንቃለሁ። የመንጠቆው ጫፍ ለማታለያ በሚውል የፕላስቲክ ትል አናት ይገባና ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደሄደ በጎን ይወጣል። ከዚያ መንጠቆው ይዞራል፤ ጫፉም ተመልሶ በትሉ ገላ ውስጥ ይሸሸጋል። ትሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከተጣመመ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዛል። ከፊቱ የጥይት ቅርጽ ያለው ትንሽ ክብደት አለ።

የመንጠቆው ጫፍ ስለተሸፈነ ሣርና ቅርንጫፍ አይዘውም፤ ባስ የሚያደባው ደግሞ እዚያው ነው። ኒክ ክሪም በ1949 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ አክረን ከተማ ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ባይሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታሰበም ነበር። ትልቅ ባለውለታ ነው።

ለምሳሌ በአውሮራ የውሃ ማጠራቀሚያ ድንጋያማ ዳርቻ ስሞልማውዝ የሚባለው የባስ ዓይነት አለ። ትሉን ወርውሮ እስኪያርፍ መታገሥ፣ ከዚያ በዝግታ መጎተት ነው። ክብደቱ ድንጋይ በነካ ቁጥር የማጥመጃው ዘንግ ለእጅ ይናገራል። የዓሣው አነካከስ ግን ይለያል፤ ቶክ ቶክ ይልና ክሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ የረገበውን ክር ሰብስቦ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ለስላሳው የትሉ ገላ ይታጠፍና የመንጠቆው ጫፍ ከተሸሸገበት ይወጣል።