«መሣሪያውን መጠቀም አልፈለገም»፦ የሲፓፕ ጭምብል ምቾት ማጣትና በታካሚው ላይ የሚሰጠው ፍርድ

በእንቅልፍ ወቅት በሚደጋገም የትንፋሽ መቋረጥ ለሚሠቃዩ ሰዎች ሲፓፕ የተባለው የማያቋርጥ የአየር ግፊት ሕክምና ከታዘዘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሕክምና መዝገቡ ላይ የምትሰፍር አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ታካሚው መሣሪያውን መጠቀም አልፈለገም» የምትል። ዐረፍተ ነገሯ ዘገባ ትመስላለች፤ በውስጧ ያለው ግን ፍርድ ነው። የጭምብሉ ጠርዝ አፍንጫውን ላቆሰለው፣ ሌሊት ጉሮሮው ደርቆ ለነቃው፣ ጭምብሉን ገና ሲያጠልቀው የመታፈን ስሜት ለያዘው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምክንያት ትሰጣለች፤ እርሱም የፈቃደኝነት ማጣት ነው። ፍርዱ ከየት እንደመጣ፣ በምን ማስረጃ እንደሚደገፍና ምን እንደሚያስከትል መመርመር ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ሲፓፕ የሚለው ስም በቅድሚያ የሚያስታውሳቸው የጨቅላ ሕፃናት ክፍልን፣ እንዲሁም የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የነበረውን የሕሙማን ክፍል ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ቱቦውን ወይም ጭምብሉን የሚያስተካክል ባለሙያ ከአጠገብ አለ። የእንቅልፍ ሲፓፕ ግን ታካሚው ወደ ቤቱ ወስዶ፣ በጨለማ፣ ብቻውን የሚጠቀምበት ሕክምና ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ የሚዘጋውን የላይኛውን የአየር መተላለፊያ መሣሪያው በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዛል። እንግዲህ መድኃኒቱ ግፊቱ ሲሆን የሚሰጥበት መንገድ ጭምብሉ ነው። መርፌው ስለተደፈነ መድኃኒቱ ሳይገባ ቢቀር ታካሚውን የሚወቅስ ባለሙያ አይገኝም፤ ጭምብሉ ሲያስቸግር ግን ወቀሳው በቀጥታ ወደ ታካሚው ይዞራል።

ከማጣበቂያ የተጀመረ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ ያገኙትን ውጤት «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲያሳትሙ ያቀረቧቸው ታካሚዎች አምስት ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ግን የማያሻማ ነበር፤ በአፍንጫ በኩል የተላከው መጠነኛ ግፊት የትንፋሹን መቋረጥ አስቀረ። ከዚያ በፊት ለከባድ ሕሙማን የነበረው ዋነኛ አማራጭ በአንገት በኩል የመተንፈሻ ቧንቧን በቀዶ ሕክምና መክፈት እንደነበር ሲታሰብ የግኝቱ ታላቅነት ይጎላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጭምብሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያውን ወደ ቤታቸው የወሰዱ ታካሚዎች በአፍንጫቸው ልክ የተሠራላቸውን ጭምብል ማታ ማታ በሲሊኮን ማጣበቂያ ፊታቸው ላይ እየለጠፉ፣ ጠዋት ጠዋት ይልጡት ነበር። ዛሬ ማጣበቂያው ቀርቶ ለስላሳ የሲሊኮን ጠርዝና የሚለጠጥ ማሰሪያ ተተክቷል። አየር የሚነፋው ሞተርም አንሶና ድምፁ ቀንሶ በአልጋ ራስጌ የሚቀመጥ ሆኗል። ይሁን እንጂ ግፊቱ ከሰው ፊት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከ40 ዓመታት በኋላም ዐቢይ የቅሬታ ምንጭ እንደሆነ ነው። በአንጻሩ የጥናቶቹ ትኩረት በአመዛኙ ያረፈው በሰዓት ቆጠራ ላይ ነው።

የአራት ሰዓት መስፈርት

እ.ኤ.አ. በ1993 ክሪብስና ባልደረቦቿ 35 ታካሚዎች መሣሪያውን በእርግጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሙ በውስጡ በተገጠመ መመዝገቢያ ለኩ። ታካሚዎቹ ተጠቀምን ያሉት ሰዓት ከተመዘገበው በልጦ ተገኘ። ከቀናቱ ቢያንስ በ70 በመቶው፣ በእያንዳንዱ ሌሊት ቢያንስ አራት ሰዓት የሚለውን መስፈርት ያሟሉት 46 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ሕክምናውን ከግምት ወደ ልኬት ማሸጋገሩ ሊመሰገን ይገባል። ችግር የመጣው ለጥናት መግለጫነት የተመረጠው መስፈርት ቀስ በቀስ «ተጠቃሚ» እና «የማይተባበር» የሚባሉትን ሰዎች መለያ አጥር በመሆኑ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ልክ ለመሣሪያው ክፍያ መቀጠል መስፈርት አደረገው።

ሆኖም አራት ሰዓት የተፈጥሮ ወሰን አይደለም። ዊቨርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ የአጠቃቀሙ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ወደ ጤናማ ደረጃ የሚመለሱት ታካሚዎች ይበዛሉ፤ ተጨማሪ ጥቅም የሚያበቃበት ነጥብም እንደ መለኪያው ዓይነት ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ይለያያል። ሦስት ሰዓት የተጠቀመው ሰው ምንም እንዳላገኘ፣ አራት ሰዓት የሞላውም ሙሉ በሙሉ እንደታከመ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

የቁጥሩ ዋነኛ ጉድለት ግን ሌላ ነው። መመዝገቢያው ጭምብሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደወለቀ ይናገራል፤ ለምን እንደወለቀ ግን አይናገርም። አንዱ ታካሚ አፍንጫው ስለቆሰለ፣ ሌላው ከጠርዙ የሚያመልጠው አየር ዓይኑን ስላደረቀው አውልቀውት ይሆናል። የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ባለሙያ ለሁለቱም ያው «ይበርቱ» የሚለውን ምክር ከመስጠት አያልፍም።

የአንድ ትልቅ ጥናት ሁለት ንባቦች

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው «ሴቭ» የተባለው ጥናት የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም የነበረባቸውን 2,717 ሰዎች ያካተተ ነበር። ሲፓፕ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተጨምሮ መሰጠቱ እንደ ልብ ድካምና የአንጎል ምት የመሳሰሉ አደጋዎችን አልቀነሰም፤ የቀን እንቅልፍን በመቀነስና የኑሮ ጥራትን በማሻሻል ረገድ ግን ጠቅሟል። አማካይ አጠቃቀሙ በሌሊት 3.3 ሰዓት ነበር።

አንዳንዶች ይህን ውጤት ሲፓፕ ለልብ አይጠቅምም ብለው አነበቡት። ሌሎች ደግሞ ጉድለቱን በታካሚዎቹ ላይ አሳበቡ፤ በቂ ሰዓት ቢጠቀሙበት ኖሮ ይጠቅም ነበር አሉ። ሁለቱም ንባቦች የሚያልፉት አንድ ጥያቄ አለ። ታካሚዎቹ ወደ ጥናቱ ከመግባታቸው በፊት ግፊቱ ለሕክምና በማይበቃ መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ተፈትነው፣ በአማካይ ሦስት ሰዓት መጠቀም ያልቻሉት ቀርተው ነበር። እንዲህ ከተጣሩ በኋላም አጠቃቀሙ ከ3.3 ሰዓት ካላለፈ፣ የሰውን ፈቃድ ከመጠየቅ አስቀድሞ ፊቱ ላይ የታሰረውን ነገር መጠየቅ ይገባል።

ቅሬታው የሚናገረው

የታካሚው ቅሬታ ሲደመጥ ብዙውን ጊዜ መንስኤውን ይጠቁማል። የአፍንጫ አጥንት ላይ ቁስል ማለት በአመዛኙ ልኩ ያልሆነ ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ጭምብል ማለት ነው። አየር ሲያመልጥ ማሰሪያውን ማጥበቅ የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የሲሊኮኑ ጠርዝ ሲጨፈለቅ ይሸበሸብና አየሩ ይበልጥ ያመልጣል። ትክክለኛው መንገድ ማሰሪያውን ላላ አድርጎ፣ ጭምብሉን ከፊት ጥቂት አንሥቶ፣ ግፊቱ ጠርዙን ሲነፋው እንደገና ማሳረፍ ነው። ልኬቱም ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ተጋድሞ፣ በሚተኛበት ጎን፣ መሣሪያው እየሠራ መታየት አለበት። ሙሉ ጢም ያለው አባት፣ ሹሩባ የተሠራች ወይም ጸጉሯን ቅቤ የተቀባች እናት ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ከባለሙያው ጋር ተነጋግረው መምረጥ ይኖርባቸዋል። ለፊት የሚቀባ ቫዝሊን ጠርዙን ስለሚያንሸራትትና ሲሊኮኑን ስለሚጎዳ ከመኝታ በፊት ፊትን መታጠብ፣ ጠርዙንም በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ይጠቅማል። በአንዳንድ ጭምብሎች ማሰሪያ ላይ ማግኔት ስላለ፣ ታካሚው ወይም አልጋ የሚጋራው ሰው በሰውነቱ ውስጥ የተተከለ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረታ ብረት እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የአፍ መድረቅና የአፍንጫ መታፈን ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፍ የሚያመልጥ አየር ውጤት ነው። በአፍንጫ ገብቶ በአፍ የሚወጣው አየር እርጥበቱን ይዞ ስለሚሄድ አፍንጫው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ታካሚው በአፉ መተንፈስ ይጀምራል፤ አዙሪቱም ይቀጥላል። አየሩን የሚያሞቅና የሚያረጥብ ክፍል ይህን ያቃልላል። ጉንፋን ሲይዝ ባሕር ዛፍ መታጠን የለመደ ሰው በማርጠቢያው ውሃ ውስጥ ቅጠሉን ወይም ዘይቱን ለመጨመር ቢያስብ አያስደንቅም፤ ሳንባን ሊቆጣና መሣሪያውን ሊያበላሽ ስለሚችል ክልክል መሆኑ ሳይጠየቅ ሊነገረው ይገባል። አፍንጫንና አፍን በአንድነት ወደሚሸፍን ጭምብል መዛወርም የመጀመሪያ መፍትሔ መሆን የለበትም፤ ይህ ዓይነቱ ጭምብል በብዙ ጥናቶች ከፍ ካለ ግፊትና ዝቅ ካለ አጠቃቀም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። አስቀድሞ የአፍንጫን አለርጂና መታፈን ማከም ይሻላል።

የመታፈን ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ በተግሣጽ የማይወጣ ቅሬታ ነው። «መብራት ቢጠፋስ?» ብሎ የሚጠይቅ ታካሚ ምክንያታዊ ጥያቄ ጠይቋል። በአፍንጫ ብቻ የሚለበስ ጭምብል ከሆነ አፉን ከፍቶ መተንፈስ እንደሚችል፣ አፍንም የሚሸፍን ከሆነ ግፊቱ ሲቋረጥ የሚከፈት የደኅንነት ክዳን እንዳለው ሊታይና ሊሞከር ይገባል። የተቃጠለው አየር የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች መቼም ቢሆን መደፈን እንደሌለባቸውም ከምክንያቱ ጋር ይነገረው። ከዚያ በኋላ ጭምብሉን ያለ ግፊት በእጅ ይዞ፣ ቀጥሎ በቀን ነቅቶ በተቀመጠበት በዝቅተኛ ግፊት ለጥቂት ደቂቃዎች፣ በኋላም በቀን ሸለብታ ላይ መለማመዱ ፍርሃቱን ደረጃ በደረጃ ያበርዳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ይህ ሁሉ እርዳታ የሚሰጥበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ዊቨርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት አዘውትረው የሚጠቀሙና አልፎ አልፎ የሚጠቀሙ ታካሚዎች የሚለያዩት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። እንግዲህ ታካሚውን መሣሪያ አስይዞ ከሦስት ወር በኋላ መቅጠር ልማዱ ከተፈጠረ በኋላ እንደመድረስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ሌሎች እርምጃዎች ዘግይተው የማይደርሱበትን ጊዜ ይይዛል።

እዚህ ላይ ማስረጃው ከሚችለው በላይ እንዳይሸከም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሲድኒ 100 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አንድ አንድ ሰዓት የፈጀ የሁለት ጊዜ የቡድን ምክር ያገኙት 77 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 31 በመቶው ብቻ ከ28 ቀናት በኋላ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተጠቅመዋል። ይሁንና በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ልዩነት አላገኘም። ምክር ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ልኩ ያልሆነን ጭምብል ምክር ልክ አያደርገውም።

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች መድኃኒት ያቋረጠን ሰው «ለምን አልወሰድህም?» ከማለት ይልቅ «መድኃኒቱ ምን አደረገብህ?» ብሎ መጠየቅ ወደ እውነተኛው ምክንያት እንደሚያደርስ በሥራቸው አይተዋል። ጭምብሉም የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ሊጠየቅለት፣ ሊመዘገብለትና ሊታከምለት የሚገባ።

ምቾት ማጣት ሁሉ ይወገዳል ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር ተሞክሮለት ሲፓፕን መልበስ የማይችል ታካሚ አለ፤ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚስብ የአፍ መሣሪያ፣ በጎን የመተኛት ልምምድ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ቀዶ ሕክምና እንደ ሁኔታው ሊታሰቡለት ይገባል። የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ሳይታከም የቀረ እንደሆነ ደግሞ አደጋው በመንገድ ላይ ለሚያገኛቸው ሁሉ ይተርፋል። ለዚህ ሰው «አልፈለገም» የምትለው ቃል ፋይሉን ትዘጋለች፤ እንቅልፉ ግን መሪ ላይ ይከተለዋል።

መዝገቡ ሊይዝ የሚገባው ሌላ ነው፤ «ጭምብሉ አፍንጫው ላይ ቁስል ስላወጣ በሦስተኛው ሌሊት አቁሟል፤ ተጋድሞ ሲለካ ልኩ ሰፊ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአነስተኛ ልክ ተቀይሯል፤ ከአምስት ቀን በኋላ በስልክ ይጠየቃል።» ይህ ከአንዲቱ ዐረፍተ ነገር ጥቂት መስመር ይረዝማል፤ ቀጥሎ መዝገቡን ለሚከፍተው ባለሙያ ግን የሚሠራው ሥራ እንዳለ ይነግረዋል።