የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም
(ስለ ጆን ኒውተን መዝሙርና ስለ ሁለት ኑዛዜዎቹ)

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሀገር ቤት ድርሰት ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት የፈረንጅ መዝሙር ነው። ይሁንና በዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን መዝሙር ሳንሰማ የቀረን ብዙ አንሆንም። በሬዲዮ ይለቀቃል፤ በቀብር ላይ ይዘመራል፤ ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲቀበር በስኮትላንዶች የከረጢት ዋሽንት ይነፋል። «አሜዚንግ ግሬስ» ይባላል፤ አስደናቂ ጸጋ እንደ ማለት ነው።

እኔ በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ግን በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበርኩ። በ1807 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በሕግ ማገዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ለዚህ የታገለውን የዊልያም ዊልበርፎርስን ስም ተማሪዎቼን አስጠንቻለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ኒውተን የሚባል ሰው ግን አላስተማርኩም፤ አላውቀውም ነበርና።

ያወቅኩት በታክሲዬ ውስጥ ነው። አንድ ቀን መዝሙሩ በሬዲዮ ሲሰማ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት አብረው አንጎራጎሩና ታሪኩን አወጉኝ። ደራሲው የባሪያ መርከብ አዛዥ እንደነበረ፣ በባሕር ላይ ማዕበል ሲይዘው ንስሐ እንደገባ፣ ወዲያው መርከቡን አዙሮ ባሪያዎቹን ነጻ እንደለቀቀና ይህን መዝሙር እንደጻፈ ነገሩኝ። እንዴት ያለ ታሪክ ነው! በሳምንቱ እሑድ ቡና ላይ ለወዳጆቼ ሁሉ አወራሁት። ነገር ግን የአስተማሪ አመል አይለቅምና ሰንበትበት ብዬ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፎቹን ተዋስኩ፤ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁም አነበብኳቸው። እውነቱ እንደ ወሬው ሆኖ አላገኘሁትም።

ኒውተን በ1725 ለንደን ተወለደ። አባቱ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ እናቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። በወጣትነቱ በግዳጅ ለባሕር ኃይል ተወሰደ፤ ሊጠፋ ሲል ተይዞም ተገረፈ። ቆይቶ ዛሬ ሴራሊዮን በምንለው አገር ጠረፍ፣ ከአንድ የባሪያ ነጋዴ ዘንድ ተርቦና ተዋርዶ ኖረ። በማርች 1748 ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ በአትላንቲክ ላይ በማዕበል ተመታች። ያን ቀን ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ያንን ቀንም ዕድሜውን ሙሉ በየዓመቱ ሲያስበው ኖረ። እስከዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነው። ዳሩ ግን መርከቧ የጫነችው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና እንጨት ነበር። የሚለቀቅ ባሪያ አልነበረባትም።

በባሪያ ንግድ አዛዥ የሆነው እንግዲህ ከዚያ ከጮኸበት ቀን በኋላ ነው። ከ1750 እስከ 1754 ድረስ ሦስት ጊዜ የባሪያ መርከብ መርቶ ወደ አፍሪካ ተጉዟል። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያስደርግ ነበር፤ ከእግራቸው በታች ከሳንቃው ሥር ደግሞ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ተኝተዋል። በመርከቡ መዝገብ ላይ ከእነዚያ ሰዎች የሞቱትን ሲጽፍ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ሥራውን የተወውም በ1754 ስለታመመ ነበር። ሥራው ደስ አይለውም ነበር፤ ኃጢአት ነው ብሎ ግን አላሰበም።

አንባቢዬ ሆይ፣ «እንግዲያስ ሰውየው ግብዝ ነበር፤ እምነቱም ከአንገት በላይ ነበር» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ መጽሐፉን ልመልስ ነበር። ሳነብ ስቀጥል ግን የባሰ ነገር አገኘሁ። ሰውየው ከልቡ አምኖ ነበር። ከልቡ አምኖም ከእግሩ ሥር ያለውን ሰው አላየም። ግብዝ ሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንጠነቀቀዋለንም። ከልቡ እያመነ የማያየውን ሰው ግን እንዴት እንወቀው? ምናልባት እኛው ራሳችን ብንሆንስ?

ኒውተን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ተናዟል። የመጀመሪያው ኑዛዜ የሕይወት ታሪኩ ሲሆን፣ በደብዳቤዎች መልክ ተጽፎ ቄስ በሆነበት በ1764 ታተመ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ድርሰት ነው። ማዕበሉን ሲተርክ አንባቢው ራሱ ውኃ የሚቀዳ ይመስለዋል። ጸሐፊው ራሱንም አይምርም፤ መሳደቡን፣ ዝሙቱን፣ በእግዚአብሔር ላይ መዘባበቱን፣ የጓደኞቹን እምነት ማበላሸቱን ይዘረዝራል። ወደ ባሪያ ንግዱ ሲደርስ ግን ብዕሩ ይዶለዱማል። በሥራው ላይ ሳለ ስለ ሕጋዊነቱ ቅንጣት ጥርጣሬ እንዳልነበረው ይናገርና ያልፋል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከመርከቡ ሳንቃ ሥር የነበሩት አፍሪካውያን ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ሆነው አይታዩም። የትረካው ተበዳይ ራሱ ነው፤ በዳይም ራሱ፤ የዳነውም ራሱ። ሌላ ሰው የለበትም።

መዝሙሩም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ኒውተን ኦልኒ በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሲያገለግል ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከት ያዘጋጀው ግጥም ነው፤ በ1779 ታተመ። ዛሬ የምንሰማው ዜማ ከግጥሙ ጋር የተጋባው ግን እዚህ አሜሪካ በ1835 ነው። በግጥምነቱ ከተመዘነ ኃይሉ በቃላቱ ማጠር ነው፤ ሕፃንም፣ ሊቅም፣ እንግሊዝኛ የሚቸግረው እንግዳም ይረዳዋል። የጠፋውን ልጅ ምሳሌና ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ታሪክ ወስዶ በጥቂት ስንኝ ውስጥ ከቷቸዋል። ተናጋሪው ኃጢአተኛ ነኝ ይላል፤ ምን እንዳደረገ ግን አይናገርም። ለዚህም ነው ሰው ሁሉ የየራሱን ኃጢአት ይዞ የሚገባበት። ይህ የመዝሙሩ ሀብት ነው። ጉድለቱም ይኸው ነው፤ የምንገባበት ሁላችን የበደልነውን ሰው ስም ሳንጠራ ዘምረን ለመውጣት ይመቸናል።

ሁለተኛው ኑዛዜ በ1788 ታተመ፤ ከማዕበሉ ቀን 40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ የጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ አንድ ሰው ኤርፖርት ተራው እስኪደርስ ሊጨርሰው ይችላል። እንደ መዝሙሩ አይዜምም፤ እንደ ሕይወት ታሪኩም አይጥምም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ስለ እንግሊዛውያን መርከበኞች መሞትና መባለግ ነው የሚያወራው፤ አፍሪካውያኑ ዘግይተው ይመጣሉ። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬበታለሁ። ከመጡ በኋላ ግን ደራሲው ፊቱን አያዞርም። ሰዎቹ በጠባብ ሥፍራ እንዴት ተደርድረው እንደሚጫኑ፣ ጣት በሚጨምቅ ብረት እንዴት እንደሚሠቃዩ፣ በሴቶቹ ላይ ምን እንደሚደረግ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ለገንዘብ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። «ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ» ብሎም አያመልጥም፤ እኔ ነበርኩበት ይላል። ኑዛዜው እጅግ እንደዘገየና የተሠራውን ጥፋት እንደማይመልስ ራሱ ያምናል። በዚያው ዓመት በመንግሥት ምክር ቤት፣ በ1790 ደግሞ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ያ ተማሪዎቼን ያስጠናሁት ዊልበርፎርስም በ1785 መጨረሻ ሃይማኖት ይዞት ከፖለቲካ ልውጣ ወይ ብሎ የተማከረው ይህንኑ ሽማግሌ ነበር፤ እሱም በያዝከው ሥራ እግዚአብሔርን አገልግል ብሎ መከረው። ሕጉ በማርች 1807 ጸደቀ፤ ኒውተን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አረፈ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ዓለም የሚወደው መዝሙሩን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ከሦስቱ ጽሑፎች እውነተኛው ኑዛዜ ግን ያ ዜማ የሌለው የ1788 መጽሐፍ ነው። በመጀመሪያው ኑዛዜ ኒውተን ያሰበው ስለ ራሱ ነፍስ ነው፤ በሁለተኛው የበደለውን ሰው አየ።

እዚህ ላይ ከአንባቢያን አንዱ እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፦ «ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 10 መዳንን ያያያዘው በልብ ከማመንና በአፍ ከመመስከር ጋር ነው። አንተ ሌላ ሥራ ልትጨምርበት ነውን? ፈያታዊ ዘየማን በመስቀል ላይ ሆኖ ምን ካሣ ከፈለ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ ጸጋ በዋጋ ይገዛል ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ፈያታዊ ዘየማን እጁ ተቸንክሮ ነበር፤ የቀረው አፉና ልቡ ብቻ ነው። በዚያም አፉ ቅጣቱ እንደሚገባው ሳይሸሽግ ተናገረ። ዘኬዎስ ደግሞ እጁም ጊዜም ነበረው፤ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም፤ ልቡ አምኖ እጁ ታስሮ ሊቀር አልቻለም እንጂ። እኛስ? እጃችን አልተቸነከረም። ስልክም አለን።

በኛ መካከል ንስሐ አባት ዘንድ የሚናዘዝም፣ በጉባኤ ፊት ቆሞ ምስክርነት የሚሰጥም አለ። የሁለቱንም ወገን ኑዛዜ ሰምቻለሁ፤ ብዙውም የ1764ቱን ይመስላል። ጠጪ ነበርኩ፣ ሱሰኛ ነበርኩ፣ ጌታ አወጣኝ እንላለን፤ አሜን ነው። በዚያ ዘመን ያለ ቀለብ ስለቀረችው ሚስት፣ ዕቁቡ ተበልቶበት ስለቀረው ጓደኛ ግን አንናገርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ መጽሐፉ የወቀሰው እኔኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ገና የሃያ አራት ዓመት መምህር ሳለሁ፣ ተማሪዎች ለስፖርት ያዋጡት ገንዘብ ከእጄ ጠፋ። የክፍል አለቃውን ልጅ ጠረጠርኩ። በማለዳ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ሥር አንበርክኬ፣ ሌባ ብዬ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ገረፍኩት። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። በሳምንቱ ገንዘቡን በራሴ ክላሴር ውስጥ፣ በፈተና ወረቀቶች መሐል አገኘሁት። «ተገኝቷል» ብዬ አስረከብኩ፤ የት እንደተገኘ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «ተቆጥቼ ተማሪ መታሁ» አልኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድኩ፤ ጾምኩ፤ አለቀስኩም። ዕንባዬ የውሸት አልነበረም። ልጁ ንጹሕ መሆኑን ግን ለሳቸውም ለሌላም አልነገርኩም። ያ የኔ 1764 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ፤ እኔ በጸጋው ታምኜ በሰላም ተኛሁ፤ ያ ልጅ ግን በዚያች ከተማ የሌባ ስም ተሸክሞ ቀረ።

በጁን 2015 በቻርልስተን ከተማ በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 9 ምእመናን በተገደሉ ጊዜ፣ በቄስ ክሌመንታ ፒንክኒ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ ይህንኑ መዝሙር ማዜም ጀመሩ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ተቀበላቸው። በዚያ አዳራሽ የዘመሩት ብዙዎቹ ያ መዝገብ በቁጥር ከጻፋቸው ሰዎች ወገን የተወለዱ ናቸው። የተወጉት ልጆች የወጋውን ሰው መዝሙር ተቀብለው ራሱ ከዘመረው አልቀው ዘመሩት። ይቅርታ ከተበዳይ ሲመጣ እንዲህ ይገዝፋል። ተበዳዩ ይቅር እንዲል ግን በዳዩ በስሙ ጠርቶ ሊጠይቀው ይገባል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ተረድቻለሁ።

ባለፈው ወር በቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ በኩል ለዚያ ልጅ፣ አሁን ልጅ አይደለም፣ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። ገንዘቡ የት እንደተገኘ ጽፌአለሁ፤ ከፈለገ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት እንዲያስነብበው ፈቅጃለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም። ላይመጣም ይችላል፤ ያ የሱ ፈንታ ነው። መዝሙሩ በሬዲዮ ሲመጣ ግን እንደ ድሮው አብሬ አላንጎራጉርም፤ ዝቅ አድርጌ እሰማዋለሁ።

እናንተም፣ ውድ አንባቢያን፣ መዝሙሩን እንደገና ስሙት፤ ያቺን አነስተኛ መጽሐፍም ፈልጋችሁ አንብቧት። ስታነቡም የአንድ ሰው ስም በሐሳባችሁ ከመጣ፣ ነገ ከማለታችሁ በፊት ስልኩን አንሡ። ኒውተን 40 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሁላችንም ያን ያህል ዕድሜ ላንሰጥ እንችላለን።

ልቦና ይስጠን። ቸር ይግጠመን።