ካናቢስ ለወታደር ሕመም፦ ሕጉ ከምርምሩ ቀደመ

ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በር በኃይል ሲዘጋ መሬት ላይ የሚወድቅ፣ በሠርግ ቀን ጥይት ሲተኮስ ላብ የሚያጠምቀው? ሐኪሞች ይህን ሕመም ድኅረ አደጋ ጭንቀት፣ በአጭሩ ፒቲኤስዲ ይሉታል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታቸው ካለ ወጣቶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «አሜሪካ እኮ ለወታደሮቿ ካናቢስ ፈቅዳለች፤ የእኛዎቹስ ለምን ይከለከላሉ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን መሀሉ ላይ የተዘለለ ደረጃ አለ፤ እስኪ አብረን እንፈልገው።

መጀመሪያ «አሜሪካ ፈቅዳለች» የሚለውን እናስተካክል። የፈቀዱት ግዛቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ካናቢስን ለሕክምና ፈቀደች። በ2009 ኒው ሜክሲኮ ፒቲኤስዲን በስም ጠቅሳ ካናቢስ ከሚፈቀድላቸው ሕመሞች መዝገብ ውስጥ አስገባች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት፣ ኮሎራዶ በ2017። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፌዴራሉ ሕግ ግን ሌላ ነገር ይላል፤ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሐኪም ካናቢስ ማዘዝ አይችልም። እናም ያው ወታደር በአንዱ በር ሲገባ «አይቻልም» ይባላል፣ በሌላው በር ሲገባ ፈቃድ ይሰጠዋል።

ግዛቶቹ ምን ማስረጃ ይዘው ነው የፈቀዱት? ከሁሉ በላይ የወታደሮቹን ምስክርነት። «ይህን ካጨስኩ ወዲህ እንቅልፍ አገኘሁ» የሚል ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሲናገር «ማስረጃህ የታለ?» ማለት ይከብዳል። እኔም ብሆን ይከብደኛል። ደግሞም ሐሳቡ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። አንጎላችን ውስጥ የካናቢስን ንጥረ ነገር የሚቀበሉ ሲቢ1 የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ተቀባዮች የሌሏቸው አይጦች አንዴ የተማሩትን ፍርሃት ማራገፍ ያቅታቸዋል፤ አደጋው ካለፈ በኋላም ይፈራሉ። ይህ ከፒቲኤስዲ ጋር ይመሳሰላል አይደል? በ2015 ደግሞ አሥር የካናዳ ወታደሮች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ ናቢሎን የተባለ ሰው ሠራሽ ኪኒን ቅዠት እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። አሥር ሰው ጥሩ ፍንጭ ነው። ሕግ ለመጻፍ ግን ትንሽ ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2021 ነው። ኮሎራዶ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰጥታ፣ ፒቲኤስዲ ያለባቸው 80 የቀድሞ ወታደሮች በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ። ሦስቱ ቡድኖች ይዘቱ የተለያየ ካናቢስ አጨሱ፤ አራተኛው ሽታውም መልኩም ያው የሆነ፣ ንጥረ ነገሩ ግን የወጣለት ቅጠል ተሰጠው። ሦስት ሳምንት። ውጤቱስ? ሁሉም ተሻላቸው! ባዶውን ያጨሱትም ጭምር። ካናቢስ ከባዶው ቅጠል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ልዩነት ግን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ካጨስኩ ወዲህ ተሻለኝ» ያለው ወታደር አልዋሸም፤ በእርግጥ ተሽሎታል። ያሻለው ቅጠሉ ይሁን፣ ተስፋው ይሁን፣ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ማግኘቱ ይሁን፣ እሱ ራሱ ከውስጥ ሆኖ ሊለየው አይችልም። ለዚህ ነው ባዶው ቅጠል ያስፈለገው። ሦስት ሳምንት አጭር ነው፣ 80 ሰውም ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ጥናቱ «ካናቢስ ከንቱ ነው» ብሎ ፋይሉን አልዘጋም። ነገር ግን ከኒው ሜክሲኮ ሕግ እስከዚህ ጥናት አሥራ ሁለት ዓመት አለ። የተዘለለው ደረጃ ይሄ ነው።

ጥፋቱን በሙሉ በግዛቶቹ ላይ አልጭንም። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለምርምር የሚሆን ካናቢስ በፌዴራል ፈቃድ የሚገኘው ከአንድ ቦታ፣ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ብቻ ነበር። ምርምሩን አንቆ ይዞ «ማስረጃ አምጡ» ማለት ተገቢ አይደለም። የምተቸው የሕጎቹን አሠራር ነው። ኪኒን ሲታዘዝ ሚሊግራሙ፣ ሰዓቱ፣ የቀኑ ብዛት ይጻፋል። የፈቃድ ካርድ የያዘ ወታደር ግን በአብዛኛው ሱቅ ገብቶ ራሱ ይመርጣል። የተሻለው፣ የባሰበት፣ ሱስ የያዘው ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥራል? በ2023 የወጣው የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞች መመሪያ ለፒቲኤስዲ ካናቢስን አትጠቀሙ ይላል፤ በቅድሚያ የሚመክረው ትዝታውን ከሠለጠነ ሰው ጋር ደረጃ በደረጃ የመጋፈጥ የንግግር ሕክምናን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ይከለክላል። ግን «የተከለከለ ነው» ብቻውን ሳይንሳዊ መልስ አይሆንም፤ ሞርፊንም በዓለም አቀፉ ስምምነት ከካናቢስ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፣ ሆኖም ሆስፒታል ይሰጣል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከጥብቁ ሠንጠረዥ ሲያወጣ፣ ለሕክምና የሚሆንበትን በር መርምሩ ማለቱ ነበር።

አንድ አደገኛ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንዳንድ ሰው ካናቢስን «ዕፀ ፋሪስ» ይለዋል። በብዙ የገጠር አካባቢ ግን ይኸው ስም የሌላ ተክል፣ የአስተናግር ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው፤ ልብ ያስሮጣል፣ ያቃዣል፣ ሊገድልም ይችላል። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችውን የጋይንቷን ቤተ ልሔም የምታውቁ ስለ አብሾ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ የቆሎ ተማሪ ለትምህርት መያዣ ይጠጣዋል የሚባለው፣ ብዙዎችም ከአስተናግር ፍሬ ይሠራል የሚሉት። «ዕፀ ፋሪስ ለጭንቀት ፍቱን ነው» የሚል ወሬ ከስልክ ወጥቶ እዚያ መንደር ሲደርስ የሚቀጠፈው የቱ ቅጠል ይመስላችኋል?

ጋይንትን በከንቱ አላነሳሁም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያህል ይዘው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ተደፍረው የተረፉ 16 ሴቶችን አነጋገረ፤ 15ቱ ከዚያ ወዲህ የአካልና የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ተናገሩ። የከተማዋ ሆስፒታልም ተዘርፎ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ፒቲኤስዲ ያለበትን ሰው እንጂ ወታደርን ብቻ አይልም፤ እንዳለ ብንቀዳው እነዚህን ሴቶችም ይጨምራል፣ የተዘለለው ደረጃ ግን ለእነሱም ያው ነው።

ተፈትኖ የተገኘ ነገር ከፈለጋችሁ ከኮሎራዶ ይልቅ ኡጋንዳ ትቀርበናለች። በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ከሩዋንዳና ከሶማሊያ የሸሹ 277 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2008 ታትሟል። ያከሟቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ታማሚው የሕይወት ታሪኩን ከልደቱ ጀምሮ እስከ ክፉው ቀንና ከዚያም ወዲህ በቅደም ተከተል እንዲተርክ ያግዙታል። በክትትሉ መጨረሻ ከእነዚህ 70 በመቶ ያህሉ ፒቲኤስዲ አልተገኘባቸውም፤ ሕክምና ሳይሰጣቸው ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን 37 በመቶው። ልዩነቱን አያችሁት? የኮሎራዶው ሙከራ ያላገኘው ይህን ዓይነት ልዩነት ነው። እናም የወረዳ ምክር ቤት አባል ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊ ስታገኙ ስለ ካናቢስ ሕግ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ በወረዳው ውስጥ እንዲህ አድርጎ ማዳመጥ የሠለጠነ ሰው ስንት እንዳለ ጠይቁልኝ።