ሶብር ማለት ዝም ማለት ነውን?

በማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት የወጣ ሰው፣ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችንና ልጃገረዶችን ሳያይ አይቀርም። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ቁመታቸውን የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው በገመድ ታጥቀው ይወርዳሉ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። እነዚህ ሴቶች ለአፍታ ማረፍ ሲፈልጉ ሸክማቸውን መሬት ላይ አይጥሉም። ከጥሏት ብቻቸውን መልሰው ማንሳት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ወገብ የሚደርስ ድንበር ወይም ግንብ ፈልገው ሸክሙን ያስደግፉበታል፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀና ብለው ይቀጥላሉ። ማረፊያዎቹን አስቀድመው ያውቋቸዋል።

በዚሁ ተራራ ላይ መስከረም 30 ቀን 2013 የእንጦጦ ፓርክ ተመርቋል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው «ጭንቀቴን ላራግፍ» እያለ ወደዚያ ይወጣል። መውጣቱ መልካም ነው፤ ንጹህ አየርና እግር ማፍታታት የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን አንዱ ጭንቀቱን ሊያራግፍ በሚወጣበት ዳገት ሌላዋ ጭንቀቷን ተሸክማ ትወርዳለች። ዛሬ ስለ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ልናወጋችሁ ስንነሳ ይህን ዳገት ያነሳነው በምክንያት ነው። ስለ ነፍስ ጭንቀት የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ መመዘን ያለበት ዳገቱን በእግሩ በሚወጣውም፣ በጀርባዋ ተሸክማ በምትወርደውም ዘንድ ነውና።

መጽሐፉ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» ይባላል። ትርጉሙ የአካላትና የነፍሶች ደህንነት እንደማለት ነው። ጸሐፊው አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ235 ዓመተ ሒጅራ ግድም በበልኽ አካባቢ ተወልደው በ322 (እ.ኤ.አ. በ934) የሞቱ ዐሊም ናቸው። የታላቁ ፈላስፋ የአል-ኪንዲ ተማሪ ነበሩ። በጂኦግራፊና በካርታ ሥራም ስማቸው የታወቀ ነው። የእጅ ጽሑፉ በኢስታንቡል አያሶፊያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንክፈርት ላይ በፎቶ ኮፒ መልክ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ (እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው) ስለ ነፍስ የሚናገረውን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አቀረቡት።

ይህ ክፍል ስምንት ምዕራፎች አሉት። አል-በልኺ ሲጀምሩ አንድ ቀላል ነገር ያስተውላሉ። ሰው ከብዙ የሰውነት በሽታ ነጻ ሆኖ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ከቁጣ፣ ከሐዘን፣ ከፍርሃትና ከውስዋስ ግን አንድም ሰው አያመልጥም። በየቀኑ አንዱ ይነካናል። ሆኖም ሐኪሞች ስለ ሰውነት ብዙ ጽፈው ስለ ነፍስ ዝም ማለታቸው ይቆጫቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር የመጽሐፉ ልብ ነው ብንል አልተሳሳትንም። አስተዋይ ሰው ጤነኛ ሳለ ድንገት ለሚመጣ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ነፍሱ በተረጋጋች ጊዜም ለቁጣና ለሐዘን ሰዓት የሚሆነውን ሐሳብ ቀደም ብሎ ማሰናዳት አለበት። ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ማሰብ አይቻልምና። እንጦጦ ላይ ያየናቸው ሴቶች ማረፊያቸውን አስቀድመው የሚያውቁት ለዚህ አይደለምን?

እስቲ በዚህ ሚዛን ቤታችንን እንመልከት። አንዲት እህት ልጇ ይሞትባታል ወይም ባሏ ጥሏት ይሄዳል። ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፤ መምጣቱ ትልቅ አጅር አለው። ነገር ግን አፏን ከፍታ መናገር ስትጀምር «ሶብር አድርጊ! ተይ፣ አታልቅሺ፣ የኢማን ድክመት ነው» እንላታለን። ዝም ትላለች። እኛም «ማሻ አላህ፣ ጠንካራ ናት» ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንወጣለን። ከወር በኋላ እህታችን እንቅልፍ የላትም፣ ልጆቿ ላይ ትጮሃለች፣ ምግብ አይዋጥላትም። ማንም ግን አያውቅም፤ እንዳትናገር አድርገናታልና።

ይህ ሶብር ከየት የመጣ ሶብር ነው? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት በሰው ፊት አልቅሰዋል። ባልደረባቸው ተደንቆ ሲጠይቃቸውም እንባው እዝነት መሆኑን ነግረውታል። የከለከሉት ፊትን መንጨትን፣ ልብስን መቅደድን ነው። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ ለአላህ አሰምተዋል። ቁርኣን ግን «ያማረ ሶብር» የሚለውን ቃል ያኖረው በእኚሁ በሚያለቅሱት አባት አንደበት ላይ ነው! እንግዲህ ሶብርን ከእንባ ጋር ያጣላነው እኛው ነን። ለእህታችን ስናቀርብላትም አንዳንዴ እውነተኛው ምክንያታችን የእርሷ መጽናናት ሳይሆን የእኛ ጆሮ ዕረፍት ይመስለኛል።

የወንዶቹ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገ አባወራ ጭንቀቱን ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ምርቃናው ሲመጣ ዕዳው ሁሉ የተከፈለ ይመስለዋል። ሲበርድ ድብርቱ ከእጥፍ ጋር ይመለሳል፤ ያንን የሚቀምሱት ማታ በሩን የሚከፍቱለት ሚስትና ልጆች ናቸው። ሐዘኑ ስም ስላልተሰጠው ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለትም ጋደም እንዲል ማስተማራቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ስንቶቻችን ሐዲሡን በቃላችን እናውቀዋለን? ስንቶቻችንስ በዚያች ሰዓት ተቀምጠናል? የአል-በልኺ ምክር እዚህ ላይ ይሠራል። መቀመጥ የሚለመደው በቁጣ ሰዓት አይደለም። አባትና እናት በሰላሙ ቀን ተነጋግረው «ስቆጣ ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ አትከተይኝ፣ ሲበርድልኝ እመለሳለሁ» ሊባባሉ ይገባል።

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ግን ስለ ሐዘን የሚናገረው ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። አል-በልኺ ሐዘንን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የሞተ ዘመድ፣ የጠፋ ንብረት። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ደስታን ሁሉ የሚነጥቅ ከባድ ሐዘን ነው። ይህ ሁለተኛው ከሰውነት፣ ከደም መበላሸት የሚመጣ ነው ይላሉ፤ ስለዚህም ሕክምናው በሰውነት በኩል ጭምር እንዲሆን ያዝዛሉ። ስለ ደም የተናገሩት የዘመናቸው ሕክምና ነው፤ ዛሬ አንቀበለውም። መለያየታቸው ግን ትክክል ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ዐሊም ምክንያት የሌለውን ሐዘን ወደ ሐኪም ሲልኩት፣ እኛ ግን ዛሬም ሳምንታት ሙሉ ያልተኛን፣ ከሰው የተለየን፣ ሞቴን ባገኘሁ የሚልን ወንድም «ሶላትህን አጥብቅ» ብለን ብቻ እንሸኘዋለን። ሶላቱንማ ያጥብቅ። ዱዓውም ሩቃውም አይቅር። ነገር ግን አማኑኤል ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ለእርሱም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ነው፤ ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይገኛል።

በዚህ ረገድ ከእንጦጦ ሌላም የምንማረው አለ። ክርስቲያን ወገኖቻችን ለፈውስ የሚሄዱበት ጠበል እዚያው ተራራ ላይ ነው። ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው በጠበሉ ብቻ ይጠባበቁ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም እንዲወስዱ ምእመኖቻቸውን መከሩ። እምነቱ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው። የእኛ ዑለማኦችስ ይህን በሚንበር ላይ ምን ያህል ጊዜ ተናግረውታል?

አሁን ወደ መጽሐፉ ጉድለት እንምጣ። በመጀመሪያ ስለ ትርጉሙ። ማሊክ በድሪ በርዕሱ ላይ የዛሬዎቹ ሥነ ልቦና ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም አስቀድሞ እንደደረሰበት ያስታውቃሉ። ለተርጓሚው ውለታ ትልቅ ክብር አለኝ። ይሁን እንጂ «እኛ ቀድመን ነበር» የሚለው ኩራት ሌሊት ዓይኑን አፍጥጦ ለሚያድር ሰው ምን ይሠራለታል? ብንቀድምማ ኖሮ መድኃኒቱ በቤታችን በተገኘ። አንባቢ መጽሐፉን ለክርክር ማሸነፊያ ሳይሆን ለቤቱ ቢያነበው ይሻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የራሳቸው የአል-በልኺ ነው። የሚያነጋግሩት ሰው ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለማሰብም ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው። ሐሳብን በሐሳብ እንዲመልስ ያስተምሩታል። ሌሊት ተነስታ ጫካ የምትገባ እናት ግን ጭንቀቷ የሐሳብ ስህተት አይደለም። ጥበቃ ያባርራታል፣ ዳገቱ ያዳልጣታል፣ ሸክሙ ካልተሸጠ እራት የለም። «ክፉ ሐሳብሽን በመልካም ሐሳብ መልሺ» ቢሏት ትስቃለች፤ እውነቷን ነው። የእርሷን ጭንቀት ትልቁን ክፍል የሚያቀለው ሌላ የእንጀራ መንገድ ነው። እንጦጦ ግርጌ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር መሥርተው ወደ ሽመና የገቡት ሴቶች ይህን በተግባር አሳይተዋል። ከወር ወር ዘካና ሰደቃ የሚያከፋፍሉ ጀማዓዎቻችንም ጭንቀት የሚታከምበትን አንዱን መንገድ በእጃቸው እንደያዙ ቢያስቡት መልካም ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን አል-በልኺ ብቸኝነትን አጥብቀው እንደሚነቅፉ መናገር አለብን። ውስዋስ ያለበት ሰው ለብቻው እንዳይቀመጥ፣ ከሰው ጋር እንዲውል ይመክራሉ። የሚረዳው ነገርም ከውስጡ ብቻ ሳይሆን ከውጭ፣ ከሚሰማውና ከሚመክረው ሰው ጭምር እንደሚመጣ ያውቃሉ። ማገዶ ተሸካሚዎቹ እየተነጋገሩ፣ እየተጠባበቁ በቡድን ሲወርዱ ላየ ሰው ይህ ምዕራፍ አዲስ አይሆንበትም።

የጎደለውን ለመሙላት አንድ የቅርብ ጊዜ መጽሐፍ ከጎኑ ብናስቀምጥ ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በጭንቀት ጊዜ ጠቃሚውን ስለ ማድረግ በሥዕል የተደገፈ ትንሽ መመሪያ አሳትሟል። ይህ መጽሐፍ ከአል-በልኺ የሚለይበት ነጥብ አለ። ከክፉ ሐሳብ ጋር መሟገትን አያዝም። ማዕበሉ ሲመጣ እግርህን መሬት ላይ ተጭነህ ቁም፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ የመጣብህን ስሜት በስሙ ጥራው፣ ከዚያ በዙሪያህ ወዳለው ነገርና ወደያዝከው ሥራ ተመለስ ይላል። ስሜቱን የሰማይ ደመና አድርጎ ያየዋል፤ ደመናው ያልፋል፣ ሰማዩ ይኖራል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ቀላል ነገር ሊለው ይችላል። ነገር ግን በሰሜን ኡጋንዳ በራይኖ ካምፕ በተጠለሉ 694 ደቡብ ሱዳናውያት ስደተኞች ላይ፣ ከዚሁ ትምህርት ጋር አብሮ የተዘጋጀው የቡድን ሥልጠና ተሞክሮ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሥልጠናውን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል። መመሪያው ጥሩ ነው፤ እንደ አል-በልኺ ግን ነፍስ ወደ ማን እንደምትመለስ አይናገርም። ውዱእ አድርጎ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ እየተነፈሰ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት ይችላል።

መጽሐፉን ለአማርኛ አንባቢ ለማድረስ የሚነሳ ሰው ካለ አንድ ነገር አደራ እንለዋለን። ከሰባተኛው ምዕራፍ ይጀምር፤ ቋንቋውንም ቡና ላይ እንደሚነገር ያድርገው። ከተቻለም ከማተሙ በፊት በድምፅ ይቅዳው። የራይኖ ካምፕ ሴቶች ትምህርቱን የወሰዱት እስከ ሠላሳ እየሆኑ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት በሚፈጅ አምስት ጊዜ ስብሰባ፣ ከተቀዳ ድምፅ በገዛ ቋንቋቸው እየሰሙ ነበር፤ ማንበብ አልተጠየቁም። ከእንጦጦ ዳገት የሚወርዱት እናቶችም እጃቸው መጽሐፍ ለመግለጥ አይፈታም፤ ጆሯቸው ግን ነጻ ነው።