በእጅ ስለሚያዘው የጂፒኤስ መሣሪያ ፊደልና ቃላት

በሁርሶና በአካባቢዋ የቦታ ስሞችን በምንመዘግብበት ወቅት በእጃችን የነበረው የጂፒኤስ መሣሪያ፣ ቦታን ለይቶ በማሳየት ረገድ የሚነቀፍበት ነገር አልነበረም፤ ስምን በመያዝ ረገድ ግን ዲዳ ሆኖ አገኘነው። በኮምፒውተር ላይ «ሁርሶ» ብለን በፊደላችን ጽፈን ያስተላለፍንለትን ስም በ3 ባዶ ሣጥኖች ተክቶ አሳየን። ለሻጩ ብናመለክት፣ ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አዲስ ሶፍትዌር መዘጋጀቱ ቆሟል የሚል መልስ ተሰጠን። መሣሪያው ግን ገና አላረጀም።

ጉዳዩ የቴክኒክ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቷል፤ መሠረታዊው ክፍል የያዘውም 384 የቁጥር ስፍራ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ እንደ ዐረብኛ ፊደል እንደ አጎራባቹ ቅርጹን አይለዋውጥም። ከሶፍትዌሩ የሚፈለገው በአመዛኙ የፊደሎቹን ቅርጽ መያዝ ብቻ ነው። አንድ ባለ ሱቅ በኪሱ የያዘው ስልክ ያለ ችግር የሚያሳየውን ስም፣ ቦታን ለመሰየም የተሠራ መሣሪያ ማሳየት ሲሳነው ሰበቡን ለመቀበል ይከብደናል።

ከዚህም የተነሣ ስሞቹን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገደድን፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ይጀምራል። ጭሮን እንውሰድ። በተለመደው አጻጻፍ «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው «ጭ»ንም «ች»ንም ይወክላሉ፤ በቁቤ ግን ጥንዱ «ች» ሲሆን፣ «ጭ» የሚጻፈው በ«ሲ» ብቻ ነው። ስለሆነም ቁቤ የለመደ አንባቢ ከመሣሪያው ላይ የሚያነበው «ችሮ» ይሆናል። ራቅ ብሎ ያለው ቀብሪ ደሀርም በብዙ ካርታዎች ላይ በ«ኬ» ስለሚጻፍ፣ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው «ከብሪ» ቢል አይፈረድበትም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1967 ያጸደቀው የአማርኛ ስሞች የላቲን አጻጻፍ ይህን ለመከላከል የታሰበ ነበር፤ ዳሩ ግን ምልክት የታከለባቸውን ፊደሎች ይጠይቃል፤ እነዚህም በመሣሪያው ላይ የሉም። በቀድሞዎቹ አንዳንድ መሣሪያዎችማ የቦታ ስም ከ6 ፊደል እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ድሬዳዋ በእኛ ፊደል 4፣ በላቲን 8 ነው፤ የትኛው ፊደል ለጠባብ መስኮት እንደሚስማማ አንባብያን ይፍረዱ።

ወቀሳው ሁሉ ግን በሠሪዎቹ ላይ አይወድቅም። ለመሣሪያው የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ መመሪያ ረቂቅ ተመልክተን ነበር። ተጓዡ ያለፈበትን መሥመር የሚያመለክተው «ትራክ» የሚለው ቃል «ሐዲድ» ተብሎ ተተርጉሟል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የደረሰው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ በሚያልፍባት በሁርሶ ይህን የሚያነብ ሰው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም! አማርኛ ለዚህ «ዱካ» የተባለ የታወቀ ቃል እያለው ሌላ መፈለግ አያስፈልግም ነበር።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የማያስቅ ነው። ተጓዡ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫና የሚፈልገው ቦታ ካለበት ስፍራ ሆኖ የሚገኝበት አቅጣጫ በመሣሪያው ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ረቂቁ ግን ሁለቱንም «አቅጣጫ» ብሏቸዋል። ጥላና ውኃ በሚርቅበት ቆላ አንዱን ለሌላው የወሰደ መንገደኛ የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይሆንም። «የጉዞ አቅጣጫ» እና «የመድረሻ አቅጣጫ» ተብለው ቢለዩ እንመርጣለን። ተጓዡ ምልክት አድርጎ የሚያስቀምጠውን ቦታ «የመንገድ ነጥብ» ማለትም አልተዋጠልንም፤ መንገድ በሌለበትም ምልክት ይደረጋልና «ምልክት ነጥብ» ይበቃዋል። የተሻለ ያለው ባልደረባ ቢጽፍልን እናወጣዋለን።

እኛ ለጊዜው ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ቁጥር ብቻ ሰጥተን ስሙን ከነአነባበቡ በደብተር ጽፈናል። ሁርሶ በመሣሪያው ላይ 1 ቁጥር ናት።